ለትምህርት ግዴታ የሆነ ዕቃ ለምን አይረክስም?

የኤሌክትሮኒክስ ዕቃዎች ዋጋ ከዓመት ወደ ዓመት እየቀነሰ፣ አቅማቸው በአንጻሩ እየጨመረ መምጣቱ የታወቀ ነው። ከሃያ ዓመት በፊት የጥቂቶች መገልገያ የነበረው ተንቀሳቃሽ ስልክ ዛሬ ከከተማ አልፎ በገጠር ቀበሌዎች በአርሶ አደሩ እጅ ይገኛል። ከዚህ አጠቃላይ አካሄድ ተነጥሎ የቆየ አንድ መሣሪያ ግን አለ። እርሱም በአሜሪካ በርካታ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች ለሒሳብ ትምህርት እንዲይዙት የሚጠየቁት፣ ቀመር ሲጻፍበት መሥመሩን በስክሪኑ ላይ የሚሥለው ግራፊክ ካልኩሌተር ነው።

እ.ኤ.አ. በ2004 ለገበያ የቀረበው የቴክሳስ ኢንስትሩመንትስ ኩባንያ ቲ.አይ. 84 ፕላስ ሞዴል ከ100 እስከ 150 ዶላር በሚደርስ ዋጋ ሲሸጥ ከአሥር ዓመት በላይ ዘልቋል። በውስጡ ያለው የዜድ 80 ፕሮሰሰር የመጀመሪያ ንድፍ የወጣው እ.ኤ.አ. በ1976 ሲሆን፣ ለተጠቃሚው ክፍት የሆነው የማስታወሻ መጠንም 24 ኪሎ ባይት ብቻ ነው። በዚሁ ዘመን የተራ ስልክ አቅም በብዙ ሺህ እጥፍ ማደጉን ስናስብ፣ አንድ ያረጀ መሣሪያ ዋጋውን ይዞ መቆየቱ ማብራሪያ የሚያስፈልገው ጉዳይ ይሆናል።

ዋጋው በእኛ አቅም ሲመዘን ምን ማለት እንደሆነ መገመት አያዳግትም። ዶላሩ በ130 ብር ቢመነዘር 100 ዶላር የሚያወጣው ካልኩሌተር ቀረጥና ታክስ ሳይታከልበት 13,000 ብር ይሆናል። ከመስከረም 2018 ዓ.ም. ጀምሮ ተግባራዊ በተደረገው የመንግሥት ሠራተኞች የደመወዝ ማሻሻያ የአንድ ዲግሪ ተመራቂ መነሻ ደመወዝ 11,500 ብር መሆኑ ይታወሳል። በመሆኑም መሣሪያው በሥራ ላይ ያለ ባለሙያን የአንድ ወር ደመወዝ ይበልጣል ማለት ነው።

ጉዳዩ የሩቅ አገር ጉዳይ ሊመስል ይችላል። በሰሜን ሸዋ ዞን የመርሐቤቴ ወረዳ መቀመጫ በሆነችው በዓለም ከተማ ለሚማር ተማሪ ግራፊክ ካልኩሌተር ግዴታ አልሆነበትም። ይሁን እንጂ በአሜሪካ የመሣሪያውን ዋጋ አንቆ የያዘው አሠራር ከቴክኖሎጂ ይልቅ ከአስተዳደር ውሳኔ የመነጨ ነው። ይኸውም አንድ አካል የሚያስፈልገውን ዕቃ ዝርዝር ሲጽፍ፣ ሌላው አካል ሒሳቡን የሚከፍልበት አሠራር ነው። ይህ አሠራር በእኛም አገር ከመማሪያ መጽሐፍ እስከ ደብተርና የደንብ ልብስ ድረስ ስለሚሠራ፣ ዝርዝሩን የሚጽፉ መሥሪያ ቤቶች ሊያጤኑት የሚገባ ነው።

ዋጋውን የያዘው ምንድን ነው?

"ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ" እንደሚባለው የመሣሪያውን ታሪክ ከመነሻው መመልከት ይጠቅማል። የመጀመሪያውን ግራፊክ ካልኩሌተር እ.ኤ.አ. በ1985 ለገበያ ያቀረበው የጃፓኑ ካሲዮ ኩባንያ ነው። ቴክሳስ ኢንስትሩመንትስ የራሱን ቲ.አይ. 81 ይዞ የመጣው ከአምስት ዓመት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1990 ነበር። በቴክኖሎጂ ቀዳሚ ያልነበረው ኩባንያ በአሜሪካ ገበያ የበላይነቱን የያዘው በክፍል ውስጥ በሠራው ሥራ ነው። መምህራንን አሠለጠነ፤ ለመምህራን የሚሆኑ ማስተማሪያዎችን አዘጋጀ፤ የመማሪያ መጻሕፍትም ምሳሌዎቻቸውን በእርሱ መሣሪያ ቁልፎች ቅደም ተከተል ማስረዳት ጀመሩ።

ከዚያም የፈተና ተቋማት ውሳኔ ተከተለ። ለኮሌጅ መግቢያ የሚያገለግለው የኤስ.ኤ.ቲ. ፈተና እ.ኤ.አ. ከ1994 ጀምሮ ካልኩሌተር እንዲያዝ ፈቀደ። በሁለተኛ ደረጃ ለሚሰጠው የኮሌጅ ደረጃ የካልኩለስ ፈተና ደግሞ እ.ኤ.አ. ከ1995 ጀምሮ ግራፊክ ካልኩሌተር መያዝ ግዴታ ሆነ። የፈተናው ደንብ የተፈቀዱትን ሞዴሎች በስም የሚዘረዝር ሲሆን፣ ከኢንተርኔት የሚገናኙትንና እንደ ኮምፒዩተር ሙሉ የፊደል ገበታ ያላቸውን መሣሪያዎች ከልክሏል። ይህ ክልከላ ኩረጃን ለመከላከል የታሰበና ተገቢ ነው። ነገር ግን አንድ ያልታሰበ ውጤት አስከትሏል። ስልክና ኮምፒዩተር ያንኑ ሥራ በነፃ መሥራት ከቻሉ በኋላም ለፈተናው ቦታ ሊተኩት አልቻሉም፤ ርካሹ አማራጭ በደንቡ ተዘግቷልና።

እዚህ ላይ ሦስት ወገኖች አሉ። ዕቃውን የሚመርጠው መምህሩ ወይም ትምህርት ቤቱ ነው፤ ዕቃውን የሚፈቅደው የፈተናው ተቋም ነው፤ ገንዘቡን የሚከፍለው ግን ወላጅ ነው። በተለመደው ገበያ ዋጋ የሚወርደው ገዢ "ተወደደብኝ" ብሎ ወደ ሌላ ሻጭ መሄድ ሲችል ነው። ወላጁ ግን ልጁ በክፍሉ ካሉት የተለየ ሞዴል ይዞ ቢገባ መምህሩ የሚያሳየውን መከተል እንደማይችል ስለሚያውቅ የታዘዘውን ይገዛል። መምህሩም ቢሆን ሠላሳና አርባ ተማሪ ሠላሳና አርባ ዓይነት መሣሪያ ይዞ ቢመጣበት ማስተማር አይችልም። እያንዳንዱ ወገን በራሱ በኩል ትክክል ነው። ሆኖም የሁሉም ትክክል ሲደመር ዋጋውን ወደ ታች የሚጎትት አንድም እጅ አልተገኘም።

አምራቾቹ በበኩላቸው የሚያቀርቡት ክርክር አለ። መሣሪያው በአንድ ተማሪ እጅ ለዓመታት ያገለግላል፤ ባትሪው ረጅም ጊዜ ይቆያል፤ በፈተና ላይ አስተማማኝ ነው፤ ለመምህራን ሥልጠና የሚወጣውም ወጪ ከዚያው ዋጋ ይሸፈናል ይላሉ። ክርክሩ ከእውነት የራቀ አይደለም። ነገር ግን የመምህራን ሥልጠና ወጪ በአንድ ዕቃ ዋጋ ውስጥ ተሸሽጎ በተማሪው ወላጅ ላይ መውደቁ ራሱ የአሠራሩን ባሕርይ ያሳያል።

ሁኔታው መለወጥ የጀመረውም በሌላ የአስተዳደር ውሳኔ ነው። የኤስ.ኤ.ቲ. ፈተና ከአሜሪካ ውጪ እ.ኤ.አ. በ2023፣ በአሜሪካ ደግሞ በ2024 በኮምፒዩተር መሰጠት ሲጀምር ዴስሞስ የተባለው ግራፊክ ካልኩሌተር በራሱ በፈተናው ስክሪን ላይ እንዲካተት ተደረገ። ተፈታኙ ከቤቱ ባያመጣም ከሌላው እኩል መሣሪያ ያገኛል። ለሠላሳ ዓመት ገደማ የገበያ ውድድር ያላስገኘውን ውጤት የፈተናው ተቋም በአንድ ውሳኔ አስገኝቶታል ማለት ይቻላል። በየክፍሉ ያለው የመምህራን ልማድና የትምህርት ቤቶች ዝርዝር ግን ወዲያው ስለማይለወጥ፣ በአሜሪካ የሚኖሩ ኢትዮጵያውያን ወላጆችን ጨምሮ ብዙዎች ዛሬም መሣሪያውን ይገዛሉ።

የእኛ አገር መንገድ

ኢትዮጵያ በዚህ ረገድ የተከተለችው መንገድ የተለየ ነው። በአዲስ አበባ የዓለም አቀፉን ባካሎሬት ዲፕሎማ ከሚሰጡ ጥቂት ትምህርት ቤቶች በስተቀር ግራፊክ ካልኩሌተር በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ግዴታ አልሆነም። በሀገር አቀፍ ፈተናም ካልኩሌተር ይዞ መግባት አልተፈቀደም። በ2002 ዓ.ም. ታትመው ለረጅም ዓመታት ካገለገሉት የሁለተኛ ደረጃ የሒሳብ መጻሕፍት መካከል በመጨረሻ ገጾቻቸው የሎጋሪዝምና የትሪጎኖሜትሪ ሠንጠረዦችን የያዙ ይገኙባቸዋል። ተማሪው የሚፈልገውን ቁጥር ከሠንጠረዡ እንዲያነብ ይማራል።

ይህ አሠራር ኋላ ቀር ነው ብለው የሚተቹት ባለሙያዎች አሉ። ከዋጋና ከፍትሐዊነት አንጻር ሲታይ ግን ያስገኘው ጥቅም ቀላል አይደለም። ጥያቄዎቹ ያለ መሣሪያ ሊሠሩ በሚችሉበት መንገድ ስለሚዘጋጁ፣ በዓለም ከተማና በአዲስ አበባ የሚማሩ ሁለት ተማሪዎች ቢያንስ በፈተናው አዳራሽ ውስጥ የሚለያያቸው የኪሳቸው አቅም አይደለም። ሠንጠረዡ በመጽሐፉ ውስጥ በመካተቱም ወላጅ ለብቻው የሚከፍልበት ዕቃ አልሆነም።

ውሳኔው ያለ ዋጋ የመጣ ግን አይደለም። ወደ ምሕንድስና፣ ወደ ተፈጥሮ ሳይንስ ወይም ወደ ሒሳብ አያያዝ የሚገባ ተማሪ ዩኒቨርሲቲ ሲደርስ ሳይንቲፊክ ካልኩሌተር መያዝ ይጠበቅበታል። ከአቅም በላይ ካልሆነ ቤተሰብ የመጣው ተማሪ መሣሪያውን ቀደም ሲል ለምዶት ሲገባ፣ ሌላው ግን ቁልፎቹን የሚማረው ትምህርቱን በሚማርበት በዚያው ሳምንት ነው። በመሆኑም በሁለተኛ ደረጃ የተወገደው ልዩነት በመጀመሪያው የዩኒቨርሲቲ ዓመት ተመልሶ ይመጣል። ጥያቄው ካልኩሌተር ይግባ ወይስ አይግባ የሚለው ብቻ ሳይሆን፣ በገባ ጊዜ ማን ይገዛዋል የሚለውም ጭምር ነው።

ከወደብ እስከ ጀማ ማዶ

ሳይንቲፊክ ካልኩሌተር ከግራፊክ ካልኩሌተር በብዙ እጥፍ የሚረክስ ዕቃ ነው። ሆኖም በአገራችን ገበያ ከመነሻ ዋጋው ርቆ የሚሸጥባቸው ምክንያቶች አሉ።

የመጀመሪያው የውጭ ምንዛሪ ነው። ብሔራዊ ባንክ ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የምንዛሪ ተመን በገበያ እንዲወሰን ካደረገ በኋላ፣ ከዚያ በፊት በ57 ብር ገደማ ይመነዘር የነበረው ዶላር በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር በላይ ደርሷል። 15 ዶላር የሚያወጣ ዕቃ በቀድሞው ተመን 855 ብር የነበረ ሲሆን፣ በ100 ብር ሒሳብ 1,500 ብር ይሆናል።

ሁለተኛው የቀረጥና የታክስ አሰላል ነው። ለአብነት ያህል ወደብ ደርሶ 1,000 ብር የሚገመት፣ የጉምሩክ ቀረጡ 10 በመቶ የሆነና ከሌሎቹ ታክሶች ነፃ ያልተደረገ ዕቃ እንውሰድ። ቀረጡ 100 ብር ሲታከልበት 1,100 ይሆናል። 15 በመቶው ተጨማሪ እሴት ታክስ በ1,100 ላይ ስለሚሰላ 165 ብር ይጨምርና 1,265 ብር ይደርሳል። 10 በመቶው ሱር ታክስ ደግሞ እስካሁን በተደመረው በ1,265 ላይ ስለሚሰላ 126 ብር ከ50 ሳንቲም ይጨምራል። እ.ኤ.አ. በ2022 የተጀመረው 3 በመቶ የማኅበራዊ ልማት ቀረጥ 30 ብር ሲታከል ድምሩ 1,421 ብር ከ50 ሳንቲም ይሆናል። ታክሱ በብር ዋጋ ላይ ስለሚሰላ፣ ምንዛሪው ከፍ ሲል የታክሱ መጣኔ ሳይነካ የሚከፈለው ብር ግን አብሮ ያድጋል። መንግሥት ከዚህ የሚያገኘው ገቢ ትምህርት ቤቶችን ለመገንባትና ለመምህራን ደመወዝ የሚውል በመሆኑ አሰላሉን ማንሳት ቀላል ውሳኔ አይደለም። በትምህርት ሥራ ላይ ብቻ ለሚውሉና በትምህርት ቤት ስም ለሚገዙ መሣሪያዎች ግን ለይቶ ማየት የሚቻልበት ዕድል አለ።

ሦስተኛው የገበያው መጥበብና የመንገዱ ርቀት ነው። ዓለም ከተማ ከአዲስ አበባ 180 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ የምትገኝ ሲሆን፣ መንገዱ በሙከጡሪና በለሚ አልፎ ወደ ጀማ ወንዝ ሸለቆ ይወርድና እንደገና ወደ መርሐቤቴ ደጋ ይወጣል። ካልኩሌተር ቀላል ዕቃ በመሆኑ የማጓጓዣው ክፍያ በራሱ ብዙ አይደለም። ችግሩ ነጋዴው የሚያዞረው የዕቃ ብዛት ማነስ ነው። በዓመት ጥቂት ካልኩሌተር ብቻ የሚሸጥ የጽሕፈት መሣሪያ መደብር ገንዘቡ በመደርደሪያ ላይ ታስሮ ስለሚከርም፣ በእያንዳንዱ ላይ የሚይዘው ትርፍ ከፍ ማለቱ አይቀርም። ከዚህ የተነሳ ርካሽ የሚባለው አማራጭ ብዙውን ጊዜ የታወቀ ኩባንያ ስም የተለጠፈበት አስመስሎ የተሠራ ዕቃ ይሆናል። ቁልፉ በአንድ ሴሚስተር የሚነቀል ወይም ስሌቱ የማያስተማምን መሣሪያ የገዛ ተማሪ ሁለት ጊዜ ይከፍላል።

ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ወዲህ በአማራ ክልል የተፈጠረው የጸጥታ ችግር የመማር ማስተማሩን ሥራና የትራንስፖርት እንቅስቃሴን ማስተጓጎሉም ሳይጠቀስ የሚታለፍ አይደለም። መንገድ በተዘጋ ቁጥር የትምህርት ቁሳቁስ ዋጋ ከፍ ይላል፤ ከፍ ያለው ዋጋ ደግሞ መንገዱ ሲከፈት በዚያው ፍጥነት አይወርድም።

ካልኩሌተር ብቻ አይደለም

ከላይ የተመለከትነው "የሚያዘው ሌላ፣ የሚከፍለው ሌላ" የሆነበት አሠራር በአገራችን በይበልጥ የሚታየው በመማሪያ መጻሕፍት ላይ ነው። ትምህርት ሚኒስቴር እ.ኤ.አ. ከ2009 ጀምሮ በዓለም ባንክና በሌሎች አጋሮች ድጋፍ በተካሄደው የአጠቃላይ ትምህርት ጥራት ማሻሻያ ፕሮግራም መጻሕፍትን በብዛት በዓለም አቀፍ ጨረታ በማሳተም ለትምህርት ቤቶች ሲያሰራጭ ቆይቷል። በዚያን ጊዜ የታተሙት የሁለተኛ ደረጃ መጻሕፍት መጽሐፉ የትምህርት ቤቱ ንብረት መሆኑን የሚገልጽና ተማሪው በጥንቃቄ የሚይዝበትን 10 መንገዶች የሚዘረዝር ገጽ ነበራቸው። ያ ገጽ ቀላል ቢመስልም ትልቅ የፖሊሲ ውሳኔ የያዘ ነው። መንግሥት ያዛል፣ መንግሥት ይገዛል፣ ተማሪው ተውሶ ይማርበታል፣ ለተከታዩ ያስረክባል። አዛዡና ከፋዩ አንድ ስለሆኑ የጨረታው ዋጋ ሲወደድ የሚሰማው ራሱ አዛዡ ነው፤ ስለዚህም ዋጋውን ለማውረድ ይደራደራል።

አዲሱ ሥርዓተ ትምህርት ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ ደረጃ በደረጃ ተግባራዊ ሲሆን ግን ትምህርቱ ከመጽሐፉ ቀድሞ ወደ ክፍል ገብቷል። መጻሕፍቱ ታትመው እስኪዳረሱ ድረስ በኤሌክትሮኒክ ቅጂ እንዲሰራጩ የተደረገ ሲሆን፣ ከሁለተኛ ደረጃ መጻሕፍት መካከል በተባበሩት ዓረብ ኤሚሬቶች ታትመው የመጡ ይገኙበታል። በመካከሉ በነበረው ጊዜ ስልክ ያለው ተማሪ ከስልኩ ሲያነብ፣ ስልክ የሌለው ግን ገጹን በፎቶ ኮፒ ቤት በገንዘቡ ለማባዛት ተገዷል። በሺዎች በሚቆጠር ቅጂ ሲታተም በገጽ ሳንቲሞች የሚያወጣ መጽሐፍ በፎቶ ኮፒ ማሽን አንድ በአንድ ሲባዛ ዋጋው በብዙ እጥፍ ይጨምራል። የኅትመቱ መዘግየት ወጪውን አላስቀረውም፤ ከመንግሥት በጀት ወደ ወላጅ ኪስ አዛወረው እንጂ።

የዚህ ወጪ ክብደት የሚታየው ከውጤት ጋር ሲነጻጸር ነው። የ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ተፈታኞች በዩኒቨርሲቲዎች ውስጥ ሲፈተኑ 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ። በ2016 ዓ.ም. ይኸው ቁጥር 5.4 በመቶ ደርሷል። ለውጤቱ ዝቅተኛነት ምክንያቶቹ ብዙ ናቸው፤ የመጽሐፍና የቁሳቁስ እጥረት ብቻውን አያስረዳውም። ነገር ግን ቁሳቁስ ለሁሉም በእኩል ባልደረሰበት ሁኔታ ውጤቱ የተማሪውን ጥረት ብቻ ይለካል ብሎ መውሰድም አይቻልም።

በግል ትምህርት ቤቶችም በዓመቱ መግቢያ ለወላጅ የሚሰጠው ዝርዝር የደንብ ልብሱን፣ የደብተሩን ዓይነት፣ አንዳንድ ጊዜም ዕቃው የሚገዛበትን ቦታ ጭምር የሚወስንበት አጋጣሚ አለ። የሚገዛበት ቦታ አንድ ብቻ ሲሆን ግራፊክ ካልኩሌተሩ በአሜሪካ ያለበት ሁኔታ በትንሹ ተደገመ ማለት ነው።

የዝርዝሩ ወቅት

በመርሐቤቴና በአካባቢው ደጋዎች ዝርዝሩ የሚደርስበት ወቅት ራሱ ተጨማሪ ወጪ ያስከትላል። ትምህርት የሚከፈተው መስከረም ላይ ነው። የመኸር ሰብል ግን የሚሰበሰበው ከኅዳር ወዲህ ነው። በጳጉሜንና በመስከረም የአርሶ አደሩ ጎተራ የሚጎድልበት፣ ገና ያልደረሰውን ጤፍና ማሽላ የሚጠባበቅበት ጊዜ ነው። ስለዚህ የደብተርና የመጽሐፍ ገንዘብ የሚገኘው በግ ወይም ፍየል በመሸጥ፣ አለዚያም በብድር ነው። የተበደረው ገንዘብ ወለድ ሲከፈልበት የአንድ ደርዘን ደብተር እውነተኛ ዋጋ ለአርሶ አደሩና ለከተማው ነዋሪ እኩል አይሆንም።

ከገጠር ቀበሌ መጥተው በከተማ ቤት ተከራይተው፣ ስንቃቸውን ከቤተሰብ እያመላለሱ የሚማሩ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች ጉዳይ ደግሞ ከዚህም ይብሳል። ለእነዚህ ተማሪዎች በዝርዝሩ ላይ የምትጨመር አንዲት ዕቃ ከቤት ኪራይና ከስንቅ ጋር ትሻማለች። ከሦስቱ አንዱ መቅረት ሲኖርበት አንዳንዴ የሚቀረው ትምህርቱ ራሱ ነው።

ከመሥሪያ ቤቶች ምን ይጠበቃል?

የአሜሪካው ተሞክሮም ሆነ የእኛው አካሄድ የሚያሳዩት አንድ ነገር ነው። ለትምህርት ግዴታ የሆነ ዕቃ ዋጋ ከሱቁ አስቀድሞ ግዴታውን በጻፈው መሥሪያ ቤት ጠረጴዛ ላይ ይወሰናል። በመሆኑም መፍትሔውም በአብዛኛው በዚያው ጠረጴዛ ላይ ይገኛል።

ከሁሉ በፊት ማንኛውም አዲስ ግዴታ ሲወጣ ዋጋው አብሮ መጻፍ ይኖርበታል። አንድ መመሪያ ተማሪ ሁሉ ይህን ይያዝ ሲል፣ በአዲስ አበባ ዋጋ ሳይሆን በወረዳ ከተማ ዋጋ ስንት እንደሚያወጣና ማን እንደሚከፍለው ከሥሩ ቢሰፍር፣ የሚፈርመው ኃላፊ የሚፈርመውን ያውቃል። ዝርዝሩም የዕቃውን ስምና ሞዴል ሳይሆን የሚሠራውን ሥራ ቢገልጽ ወላጅ ማወዳደር ይችላል። "ሳይን፣ ኮሳይንና ሎጋሪዝም የሚሠራ ካልኩሌተር" የሚል መግለጫ ለብዙ አቅራቢዎች በር ሲከፍት፣ የአንድ ሞዴል ስም ግን ለአንዱ ብቻ ይከፍታል።

ሁለተኛው የጋራ ንብረት አሠራር ነው። አንድ ክፍል በአንድ ክፍለ ጊዜ የሚጠቀምባቸው 50 ካልኩሌተሮች በትምህርት ቤቱ ንብረት ክፍል ተመዝግበው ቢቀመጡ፣ በየክፍለ ጊዜው እየወጡ ቀኑን ሙሉ ብዙ ክፍሎችን ያገለግላሉ። በፀሐይ ብርሃን ጭምር የሚሠሩትን መምረጥ የባትሪውን ችግር ያቃልላል። በንብረት አያያዝ ረገድ ለመጻሕፍት የተለመደው የማስረከብ ሥርዓት ለዚህም ያገለግላል። ትምህርት ሚኒስቴር ያስጀመረው "ትምህርት ለትውልድ" ንቅናቄም ሆነ ዓለም ከተማ ከጀርመኗ ፋተርሽቴተን ከተማ ጋር ከሠላሳ ዓመት ላላነሰ ጊዜ ያላት ወዳጅነት፣ እንዲህ ላለው አነስተኛ ግን ዘላቂ ግዥ ሊውሉ የሚችሉ አጋጣሚዎች ናቸው። ድጋፉ ለተማሪ በግል ከሚታደል ይልቅ ለትምህርት ቤቱ ንብረት ሆኖ ቢገባ ተከታዮቹ ዓመታትም ይጠቀሙበታል።

ሦስተኛው የጅምላ ግዥ ነው። የአዲስ አበባ ከተማ አስተዳደር ከ2012 ዓ.ም. ጀምሮ ለመንግሥት ትምህርት ቤት ተማሪዎች ደብተርና የደንብ ልብስ በራሱ ወጪ ማቅረብ መጀመሩ የሚታወቅ ነው። ይህን በክልል ደረጃ በሙሉ ለመድገም በጀት ላይፈቅድ ይችላል። ይሁን እንጂ መንግሥት ነፃ ባይሰጥም እንኳ ወረዳዎች በዞን ተሰባስበው ቢገዙና በገዙበት ዋጋ ለወላጅ ቢያቀርቡ፣ ክፍያውም ከምርት መሰብሰቢያ በኋላ እንዲፈጸም በኅብረት ሥራ ማኅበራት በኩል ቢመቻች፣ ከበግ ሽያጭና ከብድር የሚያድን ይሆናል። በናይጄሪያም የምዕራብ አፍሪካ ፈተናዎች ምክር ቤት ስሙ የታተመበትን ካልኩሌተር ለተፈታኞች ያቀርብ እንደነበር ይታወቃል። ይህም መሣሪያ ያዘዘው አካል ራሱ አቅራቢ ሊሆን እንደሚችል የሚያሳይ ነው።

አራተኛው ከፈተናው ጋር የተያያዘ ነው። የ12ኛ ክፍል ሀገር አቀፍ ፈተና ከ2016 ዓ.ም. ጀምሮ በከፊል በበይነ መረብ መሰጠት መጀመሩ አንድ አዲስ ዕድል ከፍቷል። ለወደፊቱ ሥርዓተ ትምህርቱ ካልኩሌተር እንዲፈቀድ ቢወስን፣ የትምህርት ምዘናና ፈተናዎች አገልግሎት መሣሪያውን በፈተናው ስክሪን ላይ ማካተት ይችላል። እንዲህ ከሆነ ወላጅ ምንም ሳይገዛ ሁሉም ተፈታኝ አንድ ዓይነት መሣሪያ ያገኛል። በተቃራኒው "ተማሪው ይዞ ይምጣ" የሚል አንድ ዓረፍተ ነገር በመመሪያው ላይ ቢገባ፣ በአሜሪካ ሠላሳ ዓመት የፈጀው ችግር በእኛም አገር ሊጀመር ይችላል። በወረቀት የሚፈተኑ ትምህርት ቤቶች እስካሉ ድረስም ሁለቱ ዓይነት ተፈታኞች እኩል መሣሪያ እንዲኖራቸው መጠንቀቅ ያስፈልጋል።

እነዚህ እርምጃዎች የምንዛሪውን ተመን አይለውጡም፤ የጀማንም ሸለቆ አያሳጥሩም። በእጅ ያለውን ግን ይለውጣሉ። የዓለም ከተማ ነጋዴ የሚሸጥበት ዋጋ ከመወሰኑ በፊት፣ ወላጁም በጉን ወደ ገበያ ከማውጣቱ በፊት፣ በአንድ ቢሮ ውስጥ አንድ ባለሙያ ዝርዝሩን ይጽፋል። በእያንዳንዱ ዕቃ ትይዩ "የሚከፍለው ማን ነው?" የሚል አንድ ተጨማሪ ዓምድ በዝርዝሩ ላይ ማስመር በጀት የማይጠይቅ፣ መመሪያ የማይጠብቅና ከመጪው የትምህርት ዘመን ዝግጅት ጀምሮ ሊፈጸም የሚችል ሥራ ነው።